ጥንዚዛዎቹ ከግንዱ አልወጡም

በቤተ ክርስቲያናችን ሰሜን ግድግዳ ሥር የተጋደሙት ስድስት ግንዶች ከእንጨት መሰንጠቂያ የተገዙ ነበሩ። ባለፈው ጸደይ አናጢው ቢላዋውን ቢወጋበት እስከ እጀታው ገባ። «ገንፎ ሆኗል» አለና ቢላዋውን በሱሪው ጠረገ። እኔ ሻማ ከምሸጥባት መስኮት ሆኜ ሰማሁት። እዚያ ቦታ ላይ መጋደም የነበረባቸው ሌሎች ስድስት ግንዶች እንደነበሩ የሚያስታውስ ሰው ብዙ አልቀረም። እኔ ግን አስታውሳለሁ። ያልተጋደሙት በእኔ አፍ ነውና።

አሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ ኢላሪዮን ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። ለእኔ የተነገረኝ ጫካ ሄደ፣ ዛፍ ወደቀበት፣ ይኸው ብቻ ነው። ማን አብሮት እንደነበር አልተነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በእኛ ተራራ ጥዱ እስከ አጥራችን ድረስ ይወርዳል፤ ዛፍ በሰው ላይ መውደቁ ለልጅ እንደ ዝናብና እንደ በረዶ ያለ ነገር ነው፤ የሚጥለው ሰው ያለ አይመስላትም።

በዚያ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ ሰሜን ግድግዳ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። የመሠረቱ ግንዶች በስብሰው ነበር። የጥገና ፈቃድ ከከተማ እስኪመጣ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ቄሳችን አባ ኦኑፍሪ ያውቃሉ። ፈቃዱ ሲመጣ ኒስቶር የሚባለው ዛፍ ቆራጭ ተነሥቶ «የሰሜኑን ስድስቱንም እኔ እሰጣለሁ» አለ። ብቻውን የሚኖር፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰው ነበር። ክረምቱን በሙሉ በረዶው ውስጥ ሲቆርጥ ከረመ። የቤት እንጨት በክረምት፣ ጨረቃ ስትጎድል ይቆረጣል፤ ጨረቃ ሞልታ የተቆረጠ ይነቅዛል ብለን እናምናለን። በሰኔ ግንዶቹን ከመንደሩ በላይ ካለው ገላጣ ቦታ አውርዶ ልጣቸውን ይልጥ ጀመር። እናቴ ዶምኒካ በየቀኑ የበቆሎ ገንፎና አይብ በጨርቅ ቋጥራ በእኔ ትልክለታለች።

ወደ እሱ መላኬን አልወደድኩትም። እሱን ግን አለመውደድ ከባድ ነበር።

«ነይ ሳፍታ፣ ባልና ሚስት ላሳይሽ» አለኝ አንድ ቀን።

በገላጣው ዳር የድብ መዳፍ የምንለው ተክል ከእኔ ቁመት በላይ አድጓል። ነጭ አበባው እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ነው። ጃንጥላው ላይ ጠባብ ወገብ ያላቸው፣ ቀንዳቸው ወደ ኋላ የረዘመ ጥንዚዛዎች ፊታቸው በአበባው ዱቄት ተለውሶ ይበላሉ። አንዳንዶቹ ከአንገት እስከ ጅራት እንደ ሸክላ ቀይ ናቸው። ሌሎቹ ያንሳሉ፤ አንገታቸው ጥቁር፣ ክንፋቸው የደረቀ ሣር የመሰለ ቢጫ ነው።

«ሁለት ዓይነት ናቸው» አልኩ።

«አንድ ዓይነት ናቸው። ቀዩዋ ሚስት፣ ቢጫው ባል።»

«ባልየው ለምን አነሰ?»

«እንጃ። ምግቡን ለእሷ እየተወላት ይሆናላ።»

ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ በመሳቄ ተናደድኩ። እሱ አላየኝም፤ የሻገተ ጉቶ በመጥረቢያው ጫፍ ፈለቀቀ። ውስጡ እንደ አይብ ይፈረፈራል፤ በፍርፋሪው ውስጥ ነጭ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«ልጃቸው ይኸውልሽ። ሞቶ የበሰበሰ እንጨት ካልሆነ አይነኩም። እንዲህ ተልጦ የደረቀውን ብትሰጫቸው በረሃብ ያልቃሉ። ቤት የሚያፈርሰው ነቀዝ ሌላ ነው፤ ጥቁር ነው፤ አበባም አያውቅ።» ከዚያ ጣቱን ቀሰረ። «አበባውን ግን እንዳትቆርጪ። ወተቱ ሥጋ ይልጣል። ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ብሶ።»

ይህን ሁሉ ነግሮኛል። ይህን የምጽፈው ባለማወቄ እንዳይመካኝልኝ ነው። አውቅ ነበር። ያስተማረኝ ራሱ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ዛምፊራ በአጥሩ ላይ ተደግፋ ማውራት ትወድ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ልብስ ስታጥብ መጣች፤ እኔ ከማገዶው ክምር ጀርባ ከድመቷ ጋር ነበርኩ።

«ዶምኒካ፣ ይህ ሸሚዝ የማን ነው? ኢላሪዮን ነፍሱን ይማረውና ትከሻው ይህን አያህልም ነበር።»

«የኒስቶር ነው። የሚያጥብለት ሰው የለውማ።»

«ዛሬ ሸሚዙ ገባ፤ ነገ ሰውየው።»

«እትዬ ዛምፊራ፣ ይህን አፍሽን በምን ልዝጋው?»

«በአይብ! አምና የሰጠሽኝ ዓይነት ከሆነ ሳምንት ዝም እልልሻለሁ።» ራሷ ስቃ ራሷ ጨረሰች። «ለማንኛውም ቤተ ክርስቲያኑ ይጠገን እንጂ፣ የመጀመሪያው ሠርግ የማን እንደሚሆን አገር ያውቀዋል።»

እናቴ አልሳቀችም። ሸሚዙን ጠመዘዘችው፤ ውኃው አልቆ እንኳ ትጠመዝዘው ነበር።

«እንዲህ አትበይ። ያ ሰው ግንዶቹ ግድግዳው ሥር እስኪገቡ እንቅልፍ የለውም።»

ከክምሩ ጀርባ ነገሩን አገናኘሁት። ግንዶቹ ይገባሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ያልቃል፤ እናቴ ትዳራለች፤ ያ ትከሻ አባቴ ይቀመጥበት ከነበረው ወንበር ላይ ይቀመጣል። እናቴ ማታ ማታ የምታለቅሰው ለዚህ ነው አልኩ፤ አባቴን ልትረሳው ስለሆነ። ግንዶቹን እንደ ሰው ጠላኋቸው።

እውነቱን እናቴ የነገረችኝ ሃያ ዓመት ሲሆነኝ፣ በራሴ ሠርግ ዋዜማ ነው። ያ መጋዝ ሁለት እጀታ ነበረው። አንዱን አባቴ፣ ሌላውን ኒስቶር ይዘዋል። ዛፉ በዚህ በኩል ይወድቃል ያለው ኒስቶር ነው። ዛፉ ዞረ። ስድስቱን ግንዶች የቆረጠው ለአባቴ ነፍስ ነው፤ በአባቴ ስም ሊሰጣቸው ተስሏል። እናቴን እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ሲለምናት፣ ይቅር ብላው ሸሚዙን አጠበችለት። የሠርግ ወሬ በዛምፊራ አፍ እንጂ በማንም ልብ አልነበረም።

የነቢዩ ኤልያስ ቀን ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ግንዶቹ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወርደው ተደረደሩ። በማግስቱ ግድግዳው ሥር ሊገቡ ነው። በእኛ ዘንድ በዋዜማው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅ ቤተሰቧ በሰጠው ግንድ ላይ አበባ ታኖራለች።

«ሂጂና አበባ ልቀሚ» አለችኝ እናቴ። «በኒስቶር ስድስት ግንዶች ላይ አኑሪ።»

«እኛ ግንድ አልሰጠንም። እሱ ራሱ ያኑር።»

«ወንድ አያኖርም። ሴት ልጅ ናት የምታኖረው።»

«ሴት ልጅ የለውማ!»

እናቴ አፏን ከፈተች። የሆነ ነገር ልትለኝ ነበር። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና ፊቷን አዞረች። «አንቺ አለሽ። ሂጂ» አለችኝና ፍየሎቹ ጋ ገባች።

አበባውን የምታኖረው ግንዱ በስሙ የተሰጠለት ሰው ልጅ እንደሆነች አሁን አውቃለሁ። እናቴ የላከችኝ ለአባቴ ነበር። የአባቴን ስም ሳታለቅስ መጥራት ስላልቻለች ዝም አለች። እኔ ደግሞ፣ «ይኸው፣ ገና ሳይጋቡ የእሱ ልጅ አደረገችኝ» አልኩ።

ሌሎቹ ልጆች ከሜዳው ነጭና ሰማያዊ አበባ ለቀሙ። እኔ በንዴት ወደ ገላጣው ወጣሁ። የድብ መዳፍ የአሳማ ቀለብ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን አይታሰብም፤ እሱም አትንኪ ብሎኛል። ስድስት ትልልቅ ራስ በማጭድ ቆረጥኩ። ወተቱ በግራ ክንዴ ላይ ወረደ። ማምሻው ቀዝቃዛ ስለነበር ጥንዚዛዎቹ አበባው ላይ እንደ ሞቱ ሆነው ተኝተዋል። አላራገፍኳቸውም። በሽርጤ ጠቅልዬ ወረድኩና በስድስቱም ግንዶች ላይ አንድ አንድ አኖርኩ። ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም። እንደ ስድብ ነበር ያኖርኳቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በአባቴ ላይ ነው ያኖርኳቸው።

ጠዋት ከእናቴ ጋር ስንደርስ የሌሎቹ ግንዶች በአበባቸው ያምራሉ። የኒስቶር ስድስቱ ባዶ ናቸው። እሱ አጠገባቸው ቆሟል። ሸሚዙ ከደረቱ ረጥቧል፤ ኮሌታው ላይ አንዲት ነጭ ቅንጣት ተጣብቃለች። አውቄአታለሁ። የእኔ አበባ ናት።

ወንዝ ወርዶ ጣለው አልኩ በልቤ። ልሰድበው ያኖርኩት አበባ ቢጣል ምን አንገበገበኝ? አሁንም አልገባኝም። ብቻ አንገበገበኝ። ልጁ ሊያደርገኝ ይፈልጋል፣ አበባዬን ግን ወንዝ ይጥላል።

ያኔ ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ብቅ አለች። ግንዶቹ ሲሞቁ እትዬ ዛምፊራ ጮኸች።

«ኧረ ጉድ! ኧረ ነቀዝ! ሕያው ነቀዝ!»

ሁሉም ሮጦ መጣ። በተላጠው ነጭ እንጨት ላይ ቀይና ቢጫ ጥንዚዛዎች ቀንዳቸውን እየነቀነቁ ይሄዳሉ። እንጨት ሲደርቅ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ይገባሉ፣ በስንጥቁ ይወጣሉ። ሰው ሁሉ አማተበ።

ዋናው አናጢ ኦስታፊ ተንበርክኮ ግንዱን በጥፍሩ ዳሰሰ። «ቀዳዳ አይታየኝም። ይህን ጥንዚዛ አበባ ላይ እንጂ...»

«ጨረቃ ሞልታ መጥረቢያውን ሰምቻለሁ ብዬ አልነገርኳችሁም?» አለች ዛምፊራ።

«አንቺ እኮ የራስሽን አውራ ዶሮ አትሰሚም!» አላት አንድ ሰው ከኋላ። ጥቂቶች ሳቁ። አባ ኦኑፍሪ ግን እጃቸውን አነሡና ሳቁ ቆመ።

«ወንድሞቼ፣ ይህ ለመቶ ዓመት የሚገባ እንጨት ነው። ከውጭ የመጣ ከሆነ እናራግፈዋለን። ከውስጥ የወጣ ከሆነ አይገባም። ከውስጥ ሲወጣ ያየ ሰው አለ?»

ኒስቶር ጥንዚዛዎቹን አየ። ቀጥሎ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። የሚቆጣ ዓይን አልነበረም። ምነው በተቆጣኝ።

«እኔ አይቻለሁ» አልኩ።

«ምን አየሽ ልጄ?» አባ ኦኑፍሪ ጎንበስ አሉልኝ። ጢማቸው ዕጣን ዕጣን ይሸታል።

«ከስንጥቁ ሲወጡ።»

«ገብተው የወጡ ይሆናል እኮ። ከእንጨቱ ከራሱ ውስጥ ነው? አስበሽ ንገሪኝ።»

አሰብኩ። ያ በጉቶው ውስጥ የተጠቀለለው ነጭ ትል ፊቴ መጣ፤ ሞቶ የበሰበሰ ካልሆነ አይነኩም ያለውም ድምፅ።

«ከውስጥ ነው አባ። ብዙ ናቸው።»

ኦስታፊ ብድግ አለና ጉልበቱን አራገፈ። «እንግዲህ ስሜን አላስቀምጥበትም።» ከዚያ ወደ ኒስቶር ዞረ። «አንድ ነገር በል እንጂ፣ አንተ ሰው! መቼ ነው የቆረጥከው? ተናገር!»

ኒስቶር ወደ እናቴ አየ። እናቴ አፏን በእጇ ይዛለች።

«ልጅቷ ካየች አይታለች» አለ። «ፈረሶቹን ስጡኝ።»

ስድስቱንም አንድ በአንድ፣ በሐምሌ ፀሐይ፣ ሸሚዙን ከፍቶ፣ ያን ሁሉ ዳገት መልሶ አወጣቸው። ማንም አላገዘውም። ልጆች ከኋላው እየሮጡ «ነቀዝ! ነቀዝ!» ይሉታል። እኔም አብሬ ጮኽኩ። ድምፄ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኒስቶር ለቅዳሴ ሲመጣ ከአንገቱ እስከ ደረቱ ውኃ ቋጥሮ፣ ቆስሎ፣ ሸሚዙ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ታየ። ሰው በሹክሹክታ ታመሰ። «አያችሁ? በእግዚአብሔር ቤት ላይ ያታለለ ሰው በገዛ ሥጋው ተጻፈበት» አለች ዛምፊራ። እኔም አመንኩ። ችግሩ፣ በእኔም ግራ ክንድ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደሩ ሦስት ቁስሎች ወጥተው ነበር። እግዚአብሔር የእኔንም ጽፎታል ብዬ በፍርሃት ሞትኩ።

እናቴ አየችው። ክንዴን ይዛ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም የሆነ ቀሚስ አለበሰችኝና ሻርፗን ደርባ ወደ ዳገቱ፣ ወደ ኒስቶር ቤት ሄደች። ሄዳ ልታገባው ነው ብዬ በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ኒስቶር እኛ ቤት አልመጣም፤ ሸሚዙም አልታጠበም። አሸነፍኩ አልኩ። እውነቴን ነው፣ በዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር።

ከመሰንጠቂያው ስድስት ግንዶች መጡ፤ ገቡ። ኒስቶርን እንጨት እንዲቆርጥ የሚጠራው ጠፋ። «የነቀዘው ኒስቶር» የሚል ስም ወጣለት፤ ከማላውቃቸው መንደሮች ሰዎች አፍ እንኳ ሰማሁት። ጥቂት ላሞች እያረባ፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ እየቆመ ኖረ።

በሃያ ዓመቴ እናቴ ስለ መጋዙ ስትነግረኝ ለአባ ኦኑፍሪ ተናዘዝኩ። አልቅሰው «ለእኔ ብቻ አይበቃም ልጄ፤ ለሰውየው ንገሪው» አሉኝ። እሺ አልኩ። አልነገርኩም። አባ አረፉ፤ እናቴም አረፈች። በየእሑዱ ኒስቶር ሻማ ሊገዛኝ መስኮቷ ጋ ይመጣል፤ ሁለት ይገዛል፤ አንዱን ለሕያዋን፣ አንዱን ለሙታን። «ስንት ነው?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከእሱ ጋር የተነጋገርኩት ይህንኑ ነው። የልጅ ውሸት ነበር ብዬ ራሴን ባጽናና ውሸቱ የልጅ፣ ዝምታው ግን የትልቅ ሰው እንደሆነ ይጠፋኛል ማለት ነው።

በዚህ ሐምሌ የመቃብሩን ቦታ ሳጸዳ እጅጌዬን ሰብስቤ የድብ መዳፍ አጨድኩ። ፀሐዩ ይፋጅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ክንዴ ላይ ውኃ የቋጠሩ ሰንበሮች ወጡ፤ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደሩ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ያ የእግዚአብሔር ጽሕፈት አልነበረም። ያ ሰው አበባዬን ወንዝ ሲጥል እንደ ቆሻሻ በእጁ አንጠልጥሎ አልነበረም፤ በእቅፉ፣ በደረቱ ይዞት ነበር።

በማግስቱ ወደ ቤቱ ወጣሁ። ኒስቶር በራፉ ላይ ባቄላ ይፈለፍላል። ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ግን አሁንም በሩን ይሞላል።

«ክንድሽን ምን አገኘው?» አለኝ፣ ከባቄላው ቀና ሳይል።

«የድብ መዳፍ።»

«ፀሐይ አግኝቶታላ።»

«ጋሼ ኒስቶር...» በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀሁት ጠፋብኝ። «ጥንዚዛዎቹ ከግንዱ ሲወጡ አላየሁም። አበባውን ያኖርኩት እኔ ነኝ። ከአበባው ነው የመጡት። እያወቅሁ ነው የዋሸሁት።»

አንድ ፍሬ ፈለፈለ። ሌላም ፈለፈለ።

«አበባውን ጎህ ሲቀድ ያነሣሁት እኔ ነኝ» አለ። «ሴቶቹ ነክተውት እንዳይቃጠሉ። ደግሞ የአሳማ ቀለብ አኖረች ብለው እንዳይሳለቁብሽ። ጥንዚዛዎቹ ግንዱ ላይ ይራገፋሉ ብዬ አላሰብኩም። ጅል ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? በአንድ ቃል...»

«አባትሽን በዚህ ጀርባዬ ነው ያወረድኩት፣ ሳፍታ። ከዚያ ቆሜ፣ በአገር ፊት፣ የኢላሪዮን ልጅ ውሸታም ናት ልበል? አፌ እንቢ አለኝ።»

«እናቴ...»

«በሦስተኛው ቀን መጣች፤ ክንድሽን አይታ። ልጄን በጆሮዋ ጎትቼ አምጥቼ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እውነቱን አናግራታለሁ አለች። ተያት አልኳት። ጎትተው ያወጡት ነገር አይጠቅማትም፤ ራሷ ትመጣለች አልኳት። እናትሽ መቼ ብላ ስትጠይቀኝ፣ እስከ መኸር አልኳት።» የባቄላውን ልጣጭ ከጉልበቱ አራገፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ቆየሽ።»

ያን ቃል ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ሻማ ስቆጥር እሰማዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰድቦኝ ይገላግለኝ ነበር።

ከዚያ ተነሥቶ «ነይ» አለኝና ከቤቱ ጀርባ ወሰደኝ። በድርቆሽ ማከማቻው ሰፊ ክዳን ሥር፣ ከመሬት በድንጋይ ከፍ ብለው፣ በመካከላቸው ነፋስ እንዲያልፍ ተራርቀው ስድስት ግንዶች ተደርድረዋል። ጠቁረው ብር መስለዋል። በየዓመቱ በኤልያስ ዋዜማ አንድ ጊዜ እንደሚያገላብጣቸው ነገረኝ። ጎረቤቶቹ ቤት ሥራባቸው ሲሉት «የእኔ አይደሉም» ይላቸው ነበር። መጥረቢያ አነሣና በጀርባው የአንዱን ጫፍ መታ። ድምፁ ጫካው ድረስ ሄዶ ተመለሰ።

«እኔ ለራሴ ምንም አልፈልግም» አለ። «ያወጡልኝንም ስም ለምጄዋለሁ። እነዚህ ግን የአባትሽ ናቸው። ለእነሱ ስትይ መናገር ከፈለግሽ ተናገሪ።»

ያን ሳምንት የሰሜኑን ግድግዳ ማፍረስ ጀምረው ነበር። የበሰበሰውን የመሰንጠቂያ ግንድ ሲያወጡት ከውስጡ፣ በእርግጥም ከውስጡ፣ ሁለት ቀይና አንድ ቢጫ ጥንዚዛ ወጡ። አንዷን በመዳፌ ይዤ አጥሩ ዳር አበባ ላይ አስቀመጥኳት። አዲሶቹን ግንዶች ከየት እንግዛ እየተባለ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሳይበተን ከሻማ መሸጫዬ ወጥቼ መሐል ቆምኩ። ወጣቱ ቄስ ምን ሆነሽ የሚል ይመስል አየኝ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ አበባውን፣ ሠርግ ብዬ ያሰብኩትን፣ ለአባ ኦኑፍሪ የመለስኩትን፣ ከኋላው የጮኽኩትን፣ እስከዛሬ ዝም ያልኩትን።

ከፊት አግዳሚው ላይ እትዬ ዛምፊራ ተቀምጣለች። ዘጠናን አልፋለች፤ ጆሮዋ ፈጽሞ ተደፍኗል።

«ምን አለች?» ስትል ጠየቀች።

የልጅ ልጇ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብላ ሹክ አለቻት።

«ጮክ በይ! ምን አለች?»

«ዋሽቻለሁ ነው የምትለው!» ልጅቷ ጮኸች፤ ጣሪያው መለሰው። «ጥንዚዛዎቹ ከኒስቶር ግንድ አልወጡም! እሷ ናት ያመጣቻቸው! በውሸት ነው ስሙን ያጠፋችው!»

ኀጢአቴን ሁለተኛ፣ በሌላ ሰው አፍ፣ ከእኔ በጠራ ድምፅ ሰማሁት። መሬቱን እያየሁ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ዛምፊራ ምን እንደምትል ይጠብቃል። እሷ ከንፈሯን ስታላምጥ ቆየች። የራሷም ጩኸት ትዝ ብሏት እንደሆነ አላውቅም።

«ታዲያ» አለች በመጨረሻ፣ «ግንዶቹ የት አሉ?»

ከበሩ አጠገብ ኒስቶር ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እሱ የዞረው ወደ እኔ ነው፤ ያን ጠዋት እንዳየኝ አድርጎ።

«በጥላ ነው ያሉት» አለ። «ደርቀዋል።»